የካሴቱ ፒያኖ ወደ ኖታ፦ ኤአይ የሰራልን፣ ያደናገረን እና በእጃችን የጨረስነው

መነሻው

አንድ ወዳጄ አለ፣ ትንሽ ኳየር ይመራል፣ ለልጆችም ፒያኖ ያስተምራል። አንድ ቀን ካሴት ይዞ መጣ። እሱን ፒያኖ ያስተማሩት ሰውዬ ራሳቸው የደረሱትን ዜማ ቤታቸው ቁጭ ብለው ሲጫወቱ የተቀዳ ነው፣ አራት ደቂቃ ምናምን ይሆናል። ሰውዬው ካረፉ ቆይተዋል፣ ዜማውን ደግሞ ወይ ወረቀት ላይ አልፃፉትም ወይ የፃፉት ጠፍቷል። ወዳጄ የሚፈልገው ሲሰሙት ቀላል ነገር ነው፦ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈት ኖታ፣ እያንዳንዷ ኖታ ተነክታ የምትስተካከልበት፣ ዜማው በሙሉ ከፍ ዝቅ የሚደረግበት፣ በኋላም ለኳየሩ በድምፅ በድምፅ የሚከፋፈል ፋይል። ፒዲኤፍ አይሆንለትም፣ ፎቶም አይሆንለትም።

"በጆሮህ ለምን አትፅፈውም?" አልኩት። ጀምሮት ነበር ለካ፣ ስምንት ባር (ባር ማለት ዜማው በምት ቁጥር የሚከፈልበት ቁራጭ ነው) ፅፎ ግራ እጅ ሲወሳሰብበት ተወው። ከዛ ሰዎች "አሁን እኮ ኤአይ አለ፣ ድምፁን ትሰጠዋለህ ኖታውን ይሰጥሃል" ሲሉት ነው ነገሩ እንደገና የተነሳበት። የሰውዬውን ቤተሰብ አስፈቅዷል፣ ያ አለቀ።

እኔ ስራዬ የድምፅ ኤዲቲንግ ነው። ኖታ አነባለሁ ግን ፒያኒስት አይደለሁም፣ ይሄን አሁኑኑ የምናገረው ኋላ ላይ ያጠፋነው ጥፋት ከዚሁ ጋር ስለሚያያዝ ነው።

ችግሩ ምን ነበር

ወዳጄ እኔ ጋ ሳይመጣ በፊት አንድ ዌብሳይት ላይ ጭኖት የወጣለትን አትሞ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ "ይሄ ኖታ ነው ወይስ የጉንዳን ሰልፍ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ሰላሳ ሁለተኛ የሚባሉ በጣም አጫጭር ኖታዎች በቀስት ተያይዘው ተያይዘው ባሩን አጥለቅልቀውታል፣ አንዱ ባር ላይ ኢ ፍላት ሲሆን ቀጥሎ ያው ኖታ ኢ ናቹራል ይሆናል (ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁልፎች ናቸው)፣ አንዳንድ ቦታ ሁለቱም ተደራርበው አንድ ላይ ይመታሉ፣ ቀኝ እጅ የሚጫወተው ዜማ ደግሞ ግማሹ ግራ እጅ መስመር ላይ ወርዷል። የሚገርመው ግን ፋይሉን መልሰን ስናጫውተው ዜማው ይታወቃል። ይጎረብጣል እንጂ የሰውዬው ዜማ ነው።

ይሄ ነገር ብዙ ሰው የሚምታታበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እኛ በአንድ ቃል "ወደ ኖታ መቀየር" የምንለው ሁለት ስራ ነው። አንደኛው መስማት ነው፣ ማለትም የትኛው ቁልፍ በስንተኛው ሰከንድ ተመታ፣ መቼ ተለቀቀ፣ ምን ያህል በኃይል። ሁለተኛው መፃፍ ነው፣ ማለትም ይህች ኖታ የስንተኛው ባር ስንተኛ ምት ናት፣ ሩብ ናት ስምንተኛ፣ የየትኛው እጅ ናት፣ ስሟስ ዲ ሻርፕ ነው ኢ ፍላት። ኤአዩ የሚያወጣልህ ሚዲ የሚባለው ፋይል የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚይዘው። ሚዲ በ1983 ሲወጣ አላማው ኪቦርዶች እርስ በርስ እንዲግባቡ ነበር፣ ቁልፎቹን ከ0 እስከ 127 ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ 63 ካለ 63 ነው፣ ዲ ሻርፕም ኢ ፍላትም እሱው ነው። የኖታን አፃፃፍ ከነስሙ፣ ከነባሩ፣ ከነእጁ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያሻግረው ሚዩዚክኤክስኤምኤል የሚባለው ፎርማት ነው፣ እሱ በ2004 የመጣ ነው። ወዳጄ የፈለገው ሁለተኛውን ነው፣ የተሰጠው የመጀመሪያው ነው፣ ዌብሳይቱ ደግሞ አንዱን በግድ የሌላውን ልብስ አልብሶ አወጣው።

ግን ኢ ፍላቱ ከኢ ጋር መምታታቱ በዚህ አይገለፅም። እሱ የመስማት ስህተት ነው። እሱን ፍለጋ ወደ ካሴቱ ተመለስን።

መጀመሪያ ድምፁ

የካሴት ቴፕ በሰከንድ 4.76 ሳንቲሜትር እንዲሄድ ነው የተሰራው፣ ግን የመቅጃው ጎማ ሲላላ ቀስ ብሎ ይቀዳል፣ ቀስ ብሎ የተቀዳ ቴፕ በደህና ማጫወቻ ሲጫወት ደግሞ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ድምፁም ወደ ላይ ይወጣል። ጠረጠርኩ፣ ግን በስንት እንደወጣ በጆሮ አይለካም፣ ፒያኖውም የተቃኘ ይሁን አይሁን አናውቅም።

ያዳነን የመብራት እምምታ ነው። ያኔ መቅጃው መብራት ላይ ተሰክቶ ስለነበር ከስር እምምም የሚል ድምፅ አብሮ ተቀድቷል። መብራቱ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) በሆነበት ቦታ ይሄ እምምታ 50 ላይና እጥፉ 100 ላይ ይታያል፣ ይሄ ደግሞ የማይዋሽ መለኪያ ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ፒያኖው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ጥቂት ሰከንድ መረጥኩና ስፔክትረሙን (በየትኛው ኸርዝ ላይ ምን ያህል ድምፅ እንዳለ የሚያሳየውን ስዕል) በ65536 ሳይዝ አየሁት (በትንሽ ሳይዝ ካየኸው ሁሉም አንድ ጉብታ ሆኖ ነው የሚታይህ)። 100 ላይ አንድ ቀጭን ጫፍ አለ፣ አጠገቡ 103 ላይ ሌላ ጫፍ አለ። ሁለት ለምን ሆነ ብዬ ካሴቱን አቁሜ የማጫወቻውን ድምፅ ብቻ ቀዳሁ፣ 103ቷ ጠፋች 100ዋ ቀረች። በቃ ገባኝ፣ 100ዋ የኔው ማጫወቻ እምምታ ናት፣ ቴፑ ላይ የተቀዳችው ግን 103 ሆና ነው የምትወጣው። ስለዚህ ቴፑ በ3 ፐርሰንት ይፈጥናል።

3 ፐርሰንት ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 100 ሴንት ነው (ሴንት የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው)፣ 3 ፐርሰንት ፍጥነት ማለት ደግሞ 51 ሴንት ነው፣ ልክ መሃል! ሞዴሉ፣ ማለትም ድምፁን ሰምቶ ኖታ የሚያወጣው ኤአይ፣ የሚያውቀው የፒያኖውን 88 ቁልፍ ነው፣ በኢ ፍላትና በኢ መሃል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይጥላል። ምስኪን፣ ስንሰድበው ከርመን ጥፋቱ የሱ አልነበረም።

ያስተካከልነው ፍጥነቱን ወደ 100/103 በመቀነስ ነው። እዚህ ላይ ድምፁን ብቻ ዝቅ የሚያደርገውን አማራጭ ሳይሆን ፍጥነቱንም ድምፁንም አንድ ላይ የሚቀይረውን ነው መጠቀም ያለብህ፣ ምክንያቱም በቴፑም ላይ ሁለቱ አብረው ነው የተዛቡት። 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ የነበረው 4 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሆነ፣ ዜማውም ኢ ፍላት ሜጀር ላይ አረፈ።

ድምፅ ማፅዳቱ ላይ ግን አጥፍቻለሁ። የቴፑ ሽሽታ ስላስጠላኝ ኖይዝ ሪዳክሽኑን ጫን አድርጌ ሰራሁበት፣ ለጆሮ ደስ የሚል ንፁህ ነገር ወጣ፣ ለሞዴሉ ስሰጠው ግን ቀስ ተብለው የተነኩት ኖታዎች የሉም። ለካ መዶሻው ክሩን ሲመታ የሚወጣውን ትንሽዬ ጠቅታ ከሽሽታው ጋር አብሬ ጠርጌዋለሁ፣ ሞዴሉ ደግሞ ኖታ መጀመሩን የሚያውቀው በዋናነት በሱ ነው። ያልፀዳውን ሰጠሁት፣ ኖታዎቹ ተመለሱ።

ሌላው፣ መሃል ላይ ሰውዬው አብረው ያንጎራጉራሉ። ዴሙክስ የሚባለው የሜታ ነፃ ፕሮግራም ድምፃዊን ከሙዚቃ ይለያል፣ በሱ ማንጎራጎሩን አወጣነው፣ ግን ከድምፃቸው ጋር ትንሽ ፒያኖም ይሄዳል፣ ሁለቱ አንድ ኖታ ላይ ሲገጥሙ ማን የማን እንደሆነ ምኑን ይለየው። ስለዚህ የተለየውን የተጠቀምነው ለነዛ 14 ሰከንዶች ብቻ ነው፣ ሌላው ቦታ ዋናውን ቅጂ ነው የሰጠነው።

ሞዴሉ

ሁለት አይነት ሞከርን። አንዱ ቤዚክ ፒች ነው፣ ስፖቲፋይ በ2022 በነፃ የለቀቀው፣ ቀላል ነው፣ ለማንኛውም መሳሪያ ይሆናል፣ ለድምፃዊም ጭምር፣ አንድ መሳሪያ ብቻውን ሲሆን ነው የሚመረጠው። ሌላው ለፒያኖ ብቻ የሰለጠነ ሞዴል ነው። የዚህኛው አይነት ሞዴሎች በብዛት የሰለጠኑት ማኤስትሮ በሚባል የቅጂ ስብስብ ላይ ነው፣ ወደ 200 ሰዓት የሚጠጋ የውድድር ፒያኖ፣ የተቀዳው ደግሞ ዲስክላቪየር በሚባል የያማሃ ፒያኖ ላይ ነው፣ ይሄ ፒያኖ እየተጫወትክበት የነካኸውን ቁልፍና የረገጥከውን ፔዳል ራሱ ይመዘግባል፣ ስለዚህ ሞዴሉ ድምፁንም መልሱንም አንድ ላይ አይቶ ነው የተማረው። ለኛ ጉዳይ ይሄ በለጠ፣ በተለይ በፔዳል። ፔዳል ስትረግጥ ድምፁ ይቆያል ጣትህ ግን ተነስቷል፣ ፔዳልን የማያውቅ ሞዴል የድምፁን ቆይታ በሙሉ ኖታ አድርጎ ይፅፈዋል።

ወደ 1,900 ኖታ አወጣልን፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ። እውነት ለመናገር ወዳጄ ስምንት ባር ለመፃፍ የፈጀበትን ሳስብ ዝም ነው ያልኩት።

ጥላ ኖታዎች

ከ1,900ው ግን ያልተነኩ ኖታዎች አሉበት። አንድ የፒያኖ ክር ሲመታ አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም የሚያወጣው፣ ዝቅተኛው ኢ ፍላት 78 ኸርዝ ግድም ከሆነ 156፣ 233፣ 311 እያለ ከላዩ ይደረደራል። 156 ከላይ ያለው ኢ ፍላት ነው፣ 233 ደግሞ ቢ ፍላት ነው። ቤዙ (ዝቅተኛው ድምፅ) በኃይል ከተመታ ሞዴሉ እነዚህን ቁልፍ የተነካ ሊመስለው ይችላል። እኛ ጥላ ብለን ጠራናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤታቸው ጋር እኩል ይጀምራሉ፣ ደካማ ናቸው፣ ከባለቤታቸው በኦክታቭ (ያው ኖታ አንድ ደረጃ ላይ ሲደገም) ወይ በኦክታቭና በአምስተኛ ከፍ ብለው ነው የሚገኙት። ፒያኖ ሮል (ኖታዎቹ በሰዓታቸው ተደርድረው የሚታዩበት ስክሪን) ላይ ከፍተን አንድ በአንድ እየሰማን ወደ 200 የሚሆኑ ሰረዝን። ሁለት ምሽት ፈጀ፣ ከስራው ሁሉ አሰልቺው እሱ ነው።

ጥፋቱም እዚህ ጋ ተፈፀመ። ባር 37 ላይ ቤዙ ኢ ፍላት ይይዛል፣ ከላዩ ቢ ፍላት አለ፣ ደከም ያለ። "ጥላ ነው" አልን ሰረዝነው። ባር 38 ላይም፣ 39 ላይም። ከሳምንት በኋላ ወዳጄ እኒሁ ሰውዬ ጋ አብራው የተማረች አንዲት ትልቅ ሴት ጋ ይዞት ሄደ፣ እትዬ ነው የሚላቸው፣ አሁንም ፒያኖ ይጫወታሉ። ያተምነውን አስቀምጠው ተጫወቱት፣ ባር 37 ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"እዚህ መሃል የሚሄድ ነገር ነበረ እኮ። ጋሼ በቀኝ አውራ ጣታቸው ነበር የሚነኩት። የት አደረሳችሁት?"

ወደ ፋይሉ ተመለስን። ባር 37 መጨረሻ ላይ አንዲት ሲ ብቻዋን ተንጠልጥላ ቀርታለች፣ ከፊቷም ከኋላዋም ምንም የለም። እሷን ያልሰረዝናት የኢ ፍላት ጥላ ልትሆን ስለማትችል ነው፣ ግን ብቻዋን ምን ትሰራለች ብለን አልጠየቅንም። የሰረዝነውን መልሰን ስናስገባ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ቢ ፍላት ሆነ፣ በመሃል የሚሄድ ትንሽ ዜማ፣ ቤዙ ግን በሙሉ ቆሞ ነው ያለው። ባለቤቱ ሳይንቀሳቀስ የሚንቀሳቀስ ጥላ ደግሞ የለም። በዛ ላይ አጉልተን ስናይ ቢ ፍላቷ ከቤዙ በጣም ትንሽ ዘግይታ ነው የምትጀምረው። ኤአዩ በትክክል ሰምቶ ነበር፣ የሰረዝነው እኛ ነን።

ምቱን ፍለጋ

ሚዲ ፋይል ውስጥ ቴምፖ (የምቱ ፍጥነት) ካልተፃፈ የሚከፍተው ፕሮግራም በደቂቃ 120 ነው ብሎ ይወስደዋል። የጉንዳኑ ሰልፍ የመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። ሰውዬው ሲጫወቱ ይዘገያሉ፣ ይቸኩላሉ፣ ሀረግ ሲያልቅ ይተነፍሳሉ፣ ፕሮግራሙ ግን በማይለወጥ 120 ፍርግርግ ላይ ያንን ሁሉ ልፃፍ ሲል በሰላሳ ሁለተኛ ይበጣጥሰዋል። ኳንታይዝ አድርገው ቢባልም በተሳሳተ ፍርግርግ ላይ ወደ ቅርቡ መስመር መጎተት ነው፣ ጭራሽ ዜማውን ያጣምመዋል።

ምት የሚያገኝ አውቶማቲክ ነገርም ሞከርን፣ ዝግ ያለ ቦታ ላይ እጥፍ አድርጎ ቆጠረው፣ ተውነው። የሰራው የድሮው ዘዴ ነው፦ ቅጂውን እየሰማሁ በየምቱ ኪቦርድ ጠቅ ማድረግ፣ ጠቅታዎቹን የቴምፖ መስመር ማድረግ፣ ከዛ በኋላ ኳንታይዝ። ኖታዎቹ ባሉበት ይቀመጣሉ፣ የሚንቀሳቀሰው ፍርግርጉ ነው።

እኔ በደቂቃ 64 ግድም በሩብ ኖታ፣ በ3/4 (በባር ሦስት ምት) ነው የቆጠርኩት። ተሰላችቼ ጨርሼው ስናየው ግራ እጁ በሙሉ መንገድ ላይ ተሻግሮ የተኛ ይመስላል፣ ቀስቱ አላለቀም። ወዳጄ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ሰማና "ሦስት አይደለም፣ ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ሦስት አለ" አለኝ። 6/8 ነው ማለት ነው። የባሩ ርዝመት አንድ ነው፣ ስድስት ስምንተኛ፣ ግን አከፋፈሉ ይለያል። በ43 ግድም በነጥብ ሩብ (ሦስት ስምንተኛ ማለት ነው) እንደገና ጠቅ ጠቅ አደረግኩት፣ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ተሳካ። 92 ባር ሆነ፣ ቀስቶቹ እንደ ጉም በነኑ። ከስራው ሁሉ ደስ ያለኝ ያቺ ሰዓት ናት፣ አንዲትም ኖታ ሳንቀይር ወረቀቱ በአንዴ የሚነበብ ሆነ።

ወደ ወረቀት

ሚዩዝስኮር የሚባል የኖታ መፃፊያ ፕሮግራም ላይ አስገብተን መጀመሪያ የቁልፍ ምልክቱን (መስመሩ መነሻ ላይ የሚቀመጠውን) ሦስት ፍላት አደረግነው፣ የኖታዎቹን ስም እንደገና እንዲያወጣ አዘዝነው፣ ዲ ሻርፕ ተብለው የነበሩት አብዛኞቹ ወደ ኢ ፍላት ዞሩ፣ የቀሩትን በእጅ። እጅ ለእጅ መለየቱን ፕሮግራሙ በግምት ከፍ ያሉትን ቀኝ ዝቅ ያሉትን ግራ አድርጎ ይጀምርልሃል፣ የባር 37ቷ አውራ ጣት ከመሃለኛው ሲ (የፒያኖው መሃል አካባቢ ካለችው) በታች ናት ግን የቀኝ ናት፣ እንዲህ አይነቱን እትዬ ናቸው ከጎናችን ተቀምጠው ያስተካከሉት። ፔዳሉን ሞዴሉ ያወጣውን እንዳለ አልፃፍነውም፣ እያንዳንዷ የእግር ንቅናቄ ከተፃፈች ወረቀቱ አይነበብም፣ በየባሩ ኮርዱ የሚቀየርበት ላይ ብቻ አስቀመጥን። ከዛ ሚዩዚክኤክስኤምኤል አድርገን አወጣነው።

ያልሰራው

ባር 58 እና 59 ላይ ቴፑ ተጨማዷል፣ ድምፁ ሰጥሞ ይመለሳል። ሞዴሉ እዛ ቦታ ላይ ጥቂት ኖታ አውጥቷል፣ መልሰን ስንሰማው ግን ከየት እንዳመጣቸው አይታወቅም። የመተማመኛ መጠኑን (ሞዴሉ ኖታ አለ ለማለት የሚፈልገውን እርግጠኝነት) ዝቅ አድርገን ሞከርን፣ ጥላ ብቻ ነው የበዛው። ባር 26 ላይ ተመሳሳይ ሀረግ ስላለ ከዛ ወስደን ሞላነው፣ ግን በትንንሽ ኖታ በቅንፍ፣ ከላዩም "ከባር 26 የተወሰደ" ብለን ፃፍንበት። ወዳጄ መጀመሪያ በትልቁ እንፃፈው ብሎ ነበር፣ እንደሱ ብናደርግ ከአምስት አመት በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው የቱ የሰውዬው የቱ የኛ እንደሆነ በምን ይለያል?

የኃይል ምልክቶቹንም (ለስላሳ፣ ጠንካራ የሚሉትን) ከሚዲው አልወሰድንም፣ የካሴት መቅጃው ድምፁን ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርግ ስለነበር የሞዴሉ ቁጥር የጣታቸውን ሳይሆን የመቅጃውን ነው የሚያሳየው። በጆሮ ፃፍናቸው።

ለሌላ ስራ የሚሆን

ከዛ ወዲህ ሌላ ሁለት ቅጂ ሰርቻለሁ፣ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሞዴል ከመምረጤ በፊት ቅጂው ከቅኝት በስንት ሴንት እንደራቀ አያለሁ፣ ኖታው በሁለት ጎረቤት ቁልፍ መሃል የሚዋልል ከሆነ ችግሩን ፍለጋ ሁሌም ከድምፁ ነው የምጀምረው። ለጆሮዬ ብዬ አላፀዳም፣ ካፀዳሁም ሁለቱንም ሰጥቼ የኖታውን ብዛት አወዳድራለሁ።

የሞዴሉን የመጀመሪያ ውጤት ሳልነካ ለብቻው አስቀምጣለሁ። የባር 37ን ያተረፈልን እሱ ነው፣ የሰረዝነውን ባናስቀምጠው ኖሮ ቢ ፍላቷ በቃ ሄዳ ነበር። ኖታ ስሰርዝም ከጎኗ ያለችውን አያለሁ፣ ጎረቤቷ ብቻዋን የምትቀር ከሆነ እጄን እሰበስባለሁ።

ምቱን ደግሞ የኖታ ፕሮግራም ከመክፈቴ በፊት ነው የምጨርሰው፣ በኋላ ወረቀት ላይ ባር በባር ላስተካክል ያለ ሰው እድሜውን ይጨርሳል። መሳሪያውን የሚጫወት ሰው መጨረሻ ላይ "እስቲ እይልኝ" ተብሎ ሳይሆን ጥላ ስትሰርዝ አጠገብህ ቢቀመጥ ይሻላል፣ እኛ በሳምንት ዘግይተን ነው የጠራናቸው።

አሁን ያለበት

ፋይሉ 92 ባር ነው፣ ወዳጄ ወደ ኤፍ ከፍ አድርጎ ለአራት ድምፅ እየከፋፈለው ነው። እትዬ ባለፈው ሙሉውን ሲጫወቱት ባር 59 ላይ እኛ በቅንፍ ከፃፍነው ሌላ ነገር ተጫወቱ፣ ግራ እጃቸው ወደ ታች ሄደ። "እንደዚህ ነበር?" ብንላቸው እጃቸውን አዩና "እኔ እንጃ፣ ጣቴ ነው የሄደው" አሉ። ሁለቱንም ፅፈን አስቀምጠናል፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ ቅንፉ እንዳለ ነው።